ስቲከሩ የሸፈናቸው አራት ቀዳዳዎች

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ዛሬም ቆመ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ተማሪዎቹ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ሳሉ፣ መቶ ስልሳ ኮምፒውተር እኩል ደረቀ። ከሦስቱም የፈተና ክፍሎች በአንድ አፍ "ኤጭ" ሲሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ሰማሁ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ፈራሁ።

የዛሬው ልምምድ ነው። ዋናው የመውጫ ፈተና ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። ግን የሚቀጥለው ማክሰኞ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች ይመጣሉ፤ የኮሌጁ ኔትወርክ ፈተናውን ይችል እንደሆነ በዓይናቸው አይተው ይወስናሉ። ካልቻለ ተማሪዎቻችን በአውቶቡስ ተጭነው ደሴ ሄደው ይፈተናሉ። ዳይሬክተራችን አቶ ጌታሁን ይህን ሁሉ በፈገግታ ነገሩኝና "እንግዲህ ሩት፣ እኔ አንቺን ነው የማውቀው" ብለው ወጡ። በዚህ ግቢ የኔትወርክ ባለሙያ ተብላ የተቀጠረች እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሌላ የሚያውቁት ሰውም የለም።

ለብዙው ተማሪ ደሴ መሄድ ሽርሽር ነው። ለዘሀራ አይደለም። ዘሀራ የአከራዬ ልጅ ናት፤ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። የአካውንቲንግ ተመራቂ ናት፣ ዘጠነኛ ወሯንም ይዛለች። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ረጅም መንገድ እንዳትሞክሪ ብላታለች። ባሏ ደጎሎ መስመር ላይ ሚኒባስ ይነዳል፤ የዚህን አገር መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ያውቀዋል፤ እሱም እሷን ጭኖ ደሴ እንደማይሄድ ቁርጡን ተናግሯል። ዘንድሮ ካለፋት አራስ ትሆናለች፣ ከዚያ ሕፃን ማሳደግ፣ ከዚያ እንጃ። እሷ ግን ትስቃለች። "ዲግሪውን ከልጄ ጋር እኩል እወስደዋለሁ" ትላለች።

ዛሬ የሞከርኩት፦
ኬብሎቹን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ።
ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኙትን ስዊቾች አጥፍቼ አበራሁ።
ፋየርዎሉን አጥፍቼ አበራሁ።
ጸለይኩ።
አራቱም ለአሥር ደቂቃ ያህል ሠርተዋል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ጥፋተኛው ተገኘ። ፋየርዎሉ ነው።

ይህን ደብተር አንድ ቀን ሌላ ሰው ካነበበው ግራ እንዳይጋባ ልጻፈው። ፋየርዎላችን ከዲኮደር እምብዛም የማይበልጥ ሳጥን ነው። ወደ ኮሌጁ የሚገባውም ከኮሌጁ የሚወጣውም መረጃ በሙሉ እሱ ዘንድ ይፈተሻል። መረጃ በኔትወርክ ላይ የሚሄደው ተቆራርጦ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ፓኬት ይባላል፣ የላኪና የተቀባይ አድራሻ አለው። ሳጥኑ አድራሻውን ያነባል፣ የሰጠሁትን ሕግ ያገላብጣል፣ ከዚያ እለፍ ወይም ተመለስ ይለዋል። በቀን በቀን፣ በሴኮንድ በሴኮንድ፣ ሥራው ይኸው ነው።

ዛሬ ልምምዱን እንደገና አስጀምሬ ከፊቱ ተቀመጥኩ። የሳጥኑ አንጎል፣ የፕሮሰሰሩ፣ ድካም በመቶኛ ይታያል። አርባ ሆነ። ሰባ ሆነ። ዘጠና ዘጠኝ ላይ ደረሰና እዚያው ተቸነከረ። ወዲያው ከኮሪደሩ "ኤጭ" መጣ።

የገረመኝ የኢንተርኔት መስመራችን ሲሶው እንኳ አለመነካቱ ነው። መንገዱ ባዶ ሆኖ ኬላው ላይ ብቻ ሰልፍ አለ ማለት ነው።

የባሰ የገረመኝ ደግሞ አለ። ተማሪዎቹ ሲወጡ በመቶ ስልሳውም ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮ ከፈትኩ። ያገኘሁት የእርሻ ትምህርት ነበር። መቶ ስልሳ ስክሪን ላይ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሰውዬ ስለ ገብስ በሽታ እኩል አፋቸውን ይከፍታሉ፣ እኩል ጣታቸውን ይቀስራሉ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንዴም አልተቆራረጡም። ቪዲዮ ከፈተና በስንት እጥፍ ይከብዳል! እሱን የቻለ ሳጥን ለምን አንዲት የምርጫ ጥያቄ ታቅተዋለች?

አቶ ጌታሁን ሳጥኑን ለፈተናው ቀን ብቻ ነቅለን መስመሩን በቀጥታ ብንሰካውስ አሉኝ። በጨዋ ደንብ እምቢ አልኩ። በር የሚያስፈልገው እንግዳ በሚበዛበት ቀን ነው፤ የፈተና ዕለት ደግሞ የማናውቀው እንግዳ ይበዛል። ተቀበሉኝ። ከዚያ የሳጥኑ አቅም አንሷል፣ ሌላ ይገዛልን የሚል ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ ፈረሙበት። ግዢ በሳምንት ውስጥ እንደማያልቅ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ግን ደብዳቤ ሲጻፍ አንድ ነገር የተሠራ ይመስላል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ገባኝ! ጉዳዩ ክብደት አይደለም፣ ቁጥር ነው።

ቪዲዮ የሚጓዘው እስከ አፉ በተሞሉ ትልልቅ ፓኬቶች ነው። የፈተናው ፕሮግራም ግን ብናኝ ነው የሚልከው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር በየሴኮንዱ "አለሁ" ይላል፣ ተማሪው አንድ ፊደል ሲነካ ይናገራል፣ መልስ ሲቀይር ይናገራል። እያንዳንዱ ንግግር አንድ ሚጢጢ ፓኬት ነው። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ለሚጢጢውም ለግዙፉም እኩል ይደክማል፤ ሁለቱም ላይ አንድ አድራሻ ነው የሚያነበው።

ምሳ ላይ ለዘሀራ ባል ሳስረዳው ከኔ በተሻለ ያዘው። ኬላ ላይ ሃምሳ ኩንታል የጫነ አይሱዙ ሲደርስ አንድ ሾፌር፣ አንድ ወረቀት ነው አለኝ። ያንኑ ሃምሳ ኩንታል ሃምሳ ሰው በሃምሳ በቅሎ ይዞት ቢመጣ ግን ፖሊሱ እስኪመሽ ወረቀት ሲያይ ይውላል።

ይህ ከገባኝ በኋላ ሌላ ጥያቄ አላስቀምጠኝ አለ። ሳጥኑ ሲሸጥ ከዚህ በብዙ እጥፍ እችላለሁ ብሎ ነው የተሸጠው። ዋሽቶ ነው? መመሪያውን በስልኬ አውርጄ አንድ በአንድ ገለጥኩት። ማንም የማያነበው ገጽ ላይ፣ ስለ መደርደሪያ ብሎን ከሚያወራው ክፍል ቀጥሎ፣ የሳጥኑ ሆድ ዕቃ በሥዕል ተቀምጧል።

ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሠራተኛ አለ። አንዱ ዋናው ፕሮሰሰር ነው፤ ሁሉን ያውቃል፣ ሁሉን ይጠይቃል፣ ስለዚህም ቀርፋፋ ነው። ሁለተኛው ፓኬት ከማሳለፍ በቀር ሌላ ሥራ የማያውቅ ቺፕ ነው፤ በዚያች ሥራው ግን የሚደርስበት የለም። አንድ ኮምፒውተር አዲስ ወሬ ሲጀምር የመጀመሪያው ፓኬት ብቻ ፕሮሰሰሩ ጋ ይቀርባል። ፕሮሰሰሩ ከፈቀደ ለቺፑ ይነግረዋል፤ ተከታዮቹን ቺፑ ራሱ ሳያስቸግር ያሳልፋቸዋል። ጉልበቱ ያለው እዚያ ነው።

ሥዕሉ ላይ ግን መስመሮቹን በጣቴ ስከተል ደነገጥኩ። ከፊት ለፊት ስምንት የኬብል ቀዳዳ አለ። በቀኝ ያሉት አራቱ ወደ ቺፑ ይሄዳሉ። በግራ ያሉት አራቱ ቺፑን ጨርሶ አያገኙትም፤ በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው የሚወርዱት። ለጥቃቅን ሥራ የተሠሩ ናቸው።

ሮጬ ሰርቨር ክፍል ገባሁ። ኬብሎቻችን በሙሉ በግራ ናቸው። በቀኝ በኩል ከዳር እስከ ዳር ነጭ ስቲከር ተለጥፏል። ላዩ ላይ በጋሽ ይመር ውብ የእጅ ጽሑፍ የኮሌጁ ስምና የንብረት ቁጥር።

ማነው በግራ የሰካው? እኔ ነኛ! አምና፣ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ሳምንት። ሳጥኑን በሞዴል 22 ፈርሜ ስረከብ ስቲከሩ ተለጥፎ ነበር። ጋሽ ይመር የንብረት ኃላፊያችን ናቸው፤ ያኔ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ይህን ቁጥር የቀደደ ኦዲተር ፊት ይቆማል" ብለውኛል። እኔም ቀዳዳ ሁሉ አንድ ነው ብዬ የተሸፈነውን ትቼ የተከፈተው ላይ ሰካሁ። ይኸው ዓመት ሙሉ ሳጥኑ በግማሽ ጎኑ ሲሠራ ኖሯል። እኔ ደግሞ ትናንት አቅሙ አንሷል ብዬ በማኅተም አሳጣሁት።

ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ አፈርኩ። ለአቶ ጌታሁን ስቲከሩ ያለበትን ቦታ ተናገርኩ፤ ማን በግራ እንደሰካው ግን አልተናገርኩም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ጋሽ ይመር ከላላ ወረዳ ናቸው፣ የወንድማቸው ልጅ ሰርግ ላይ። ሰርጉ ያለበት መንደር ስልክ አይሠራም። ወደዚያ በሚሄድ ሰው መልእክት ልኬባቸው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በበቅሎ ጉብታ ላይ ወጥተው ደወሉ። ነፋሱ ይሰማል። ከበስተጀርባ በቅሎዋም ትሰማለች።

ሁሉንም ነገርኳቸው። "እንዳትነኪው ልጄ" አሉኝ። "እሑድ ኢንሻአላህ እገባለሁ። እኔ በዓይኔ ሳላይ እንዳትነኪው።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይናደዳል። እኔ ግን ታሪካቸውን አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ ኮምፒውተር ስቲከር ተልጦ ወደቀ። ኦዲተሮች መጥተው ቁጥሩን ሲፈልጉ የለም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ጠፋ ተብሎ ተጻፈ። ጋሽ ይመር ለወራት የጠፋውን ኮምፒውተር እንዲያቀርቡ በደብዳቤ ሲጠየቁ ከረሙ። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ መልስ የሚጽፉት ጠፋ በተባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማስቲሹን እጥፍ ያደርጋሉ።

አቶ ጌታሁን ግን ቀላል አደረጉት። "ቅደጂው፣ እኔ እጠየቅበታለሁ" አሉ።

ሄድኩ። ሰርቨር ክፍሉን ከውስጥ ቆለፍኩ። የስቲከሩን አንድ ጥግ በጥፍሬ አነሳሁት። አንዲት ቀዳዳ፣ ከነክዳኗ፣ ብቅ አለች። የዘሀራ እግር እንዴት እንዳበጠ አሰብኩ። ቀጥሎ ጋሽ ይመር ያንን ጉብታ ለእኔ ብለው መውጣታቸውን አሰብኩ። ጥጉን መልሼ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። ሰኞ ልንሠራው እንችላለን፤ አንድ ቀን ይበቃናል። ይበቃናል አይደል?

ዓርብ፣ ግንቦት 15

እስከዚያ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም ብዬ የተማሪዎቹን ማደሪያ ዋይፋይ ዘጋሁ። ያም በዚያው ሳጥን ነው የሚያልፈው። ትንሽ ሸክም ሲቀልለት ዘጠና ኮምፒውተር ፈተናውን ከዳር እስከ ዳር ጨረሰ። ዘጠና! መቶ ስናደርገው ደረቀ። ቢሆንም ለዛሬ ድል ነው፤ ለራሴ አንድ ሻይ በብስኩት ጋበዝኩ።

ከማደሪያ ሦስት ተወካዮች መጡ። በጣም በትሕትና፣ አስቀይመንሽ ከሆነ ይቅርታ፣ ዋይፋዩን መልሺልን አሉኝ። የማላስታውሰውን በደላቸውን ይቅር አልኩና ለማክሰኞ ቀጠርኳቸው።

ዘሀራ መቶ ስናደርገው ከተቋረጠባቸው አንዷ ነበረች። ሁልጊዜ በር አጠገብ ያለችውን ወንበር ነው የምትይዘው፣ ቶሎ ቶሎ ትወጣለችና። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ፤ ወገቧን ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። "ሩትዬ፣ እኔ ቸኩያለሁ፣ ይሄም ቸኩሏል" አለች ሆዷን እየነካች። "አንቺና ያ ሳጥንሽ ብቻ ናችሁ ያልቸኮላችሁት።" ሳቅን። እሷ ስትሄድ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የሚያሳስቡኝ፦
አውቶቡሱ ተበላሽቶ ጋሽ ይመር ሰኞም ባይመጡስ?
መጥተው እምቢ ቢሉስ?
ስቲከሩ ተነስቶ ቀዳዳዎቹ ማስቲሽ ጠጥተው ቢገኙስ?
ሥዕሉን ተሳስቼ አንብቤው ቢሆንስ? (ይህቺኛዋ ከሁሉም ትከፋለች።)

እሑድ፣ ግንቦት 17

መጡ! ከአውቶቡስ ወርደው ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ፣ ጋቢያቸው ላይ አቧራው እንዳለ፣ የእኛን ግቢ በር አንኳኩ። ከሰርጉ ዳቦ በፌስታል ይዘውልኛል። ከዘሀራ እናት ጋር ሰላምታው አላልቅ አለ፤ የከላላ ሰው አንድ በአንድ ተጠየቀ፣ ከብቱ ተጠየቀ፣ ዝናቡ ተጠየቀ። እኔ ዳቦውን ቆርሼ ጨረስኩ።

በመጨረሻ ወረቀት ላይ ሣልኩላቸው። በግራ አራት፣ በቀኝ አራት፣ ፕሮሰሰሩ፣ ቺፑ። መነጽራቸውን አድርገው መስመሮቹን በጣታቸው ተከተሉ። ቺፑ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። እኔም ግምጃ ቤት ውስጥ እንደዚህ ነኝ አሉ፤ አዲስ ዕቃ ሲገባ መዝገብ አገላብጣለሁ፣ ሦስት ቦታ እፈርማለሁ፤ አንዴ የመዘገብኩትን ግን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። እኔ ግማሽ ሳምንት የፈጀብኝን እሳቸው በአንድ ቁራሽ ዳቦ ጨረሱት።

ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጡና ቀና ብለው አዩኝ።

"አምና ለምን አልጠየቅሽኝም? ጋሼ፣ ይሄን አንሱልኝ ማለት ምን ይከብዳል?"

ዋሽቼ ላመልጥ ነበር። አልሆነልኝም። "ፈርቼዎት" አልኩ።

"እኔን?" አሉ። እውነት ገረማቸው። የዘሀራ እናት እየሳቀች፣ አንቱን የማይፈራ በዚህ ከተማ ማን አለ አለቻቸው። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ፣ ቀዳዳዎቹ ክዳን ስለነበራቸው ፊቱ ጠፍጣፋ መስሏቸው እንደለጠፉት፣ ከለጠፉም በኋላ ወረቀቱ ምን እንደሸፈነ ተመልሰው እንዳላዩ ነገሩኝ። እንግዲያው ሁለታችንም ነን፣ አሉ። ዳቦውን በላን። ከዓመት በላይ አንድ መሥሪያ ቤት ስንሠራ፣ ጋሽ ይመር ጋር ቁጭ ብዬ ስጫወት የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። አዝኜበታለሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ኮሚቴ ተቋቋመ። ጋሽ ይመር፣ አቶ ጌታሁን፣ እኔ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፦ "የንብረት መለያ ቁጥሩ ከዕቃው የፊት ገጽ ተነስቶ ወደ ዕቃው የላይ ገጽ እንዲዛወር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።" ሦስት ፊርማ፣ አንድ ማኅተም። በሕይወቴ የተሳተፍኩበት ትልቁ ኮሚቴ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ልቤ ግን እንደዚያ ይመታ ነበር።

ጋሽ ይመር ምላጭ በወረቀት ጠቅልለው መጥተዋል። አላስፈለገም። ሳጥኑ ሳምንቱን ሙሉ ሲንገበገብ ስለሰነበተ ፊቱ ሞቋል፣ ማስቲሹም ለስልሷል። በሁለት ጣታቸው ጥጉን ይዘው ቀስ ብለው ሳቡት፤ ሳይቀደድ ሙሉውን ወጣ። እጃቸውን ሳጥኑ ላይ አሳረፉ። "ተቃጥሏል እኮ፣ ሚስኪን" አሉ።

አራቱ ቀዳዳዎች ከነክዳናቸው ብቅ አሉ፤ ውስጣቸው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ኬብሎቹን አዛወርኩ።

ኢንተርኔቱ በሙሉ ጠፋ። ኮሌጁ ሙሉ!

ጥፋቱ አሁንም የኔ ነው። ሕጎቹ በየቀዳዳው ስም ነው የተጻፉት፤ ኬብል ሲዛወር ሕጉም አብሮ መዛወር አለበት። አንዷን ረስቻት ነበር። እስካገኛት ድረስ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አቶ ጌታሁን ከኋላዬ ቆመው ሲተነፍሱ ሰማኋቸው። ጋሽ ይመር ወንበር ሰጧቸው፤ "አብሽር ይበሉ፣ ልጅቷ እየሠራች ነው" አሏቸው። ያቺን ቃል መቼም አልረሳትም።

ተመለሰ። ተማሪዎቹን ጠራናቸው። መቶ ስልሳ ኮምፒውተር። ፕሮሰሰሩ፦ ዘጠኝ። አሥራ አንድ። አሥራ አራት። አሥራ አራት። ሰባተኛው ጥያቄ አለፈ። ሃያኛው አለፈ። የማደሪያውን ዋይፋይ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድሜ ከፈትኩ፤ አሥራ ስድስት።

ጋሽ ይመር በትከሻዬ ላይ አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን ያያሉ። "ዝቅ ማለቱ ጥሩ ነው መጥፎ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ጥሩ ነው ጋሼ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና ስቲከሩን በሳጥኑ አናት ላይ፣ በጣም በጥንቃቄ፣ እየደባበሱ ለጠፉት። ከዚያ መለስ ብለው ሳጥኑን ዙሪያውን አዩ። ምን እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው፣ ሌላ የሸፈንኩት ነገር ካለ ብዬ ነው አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ሁለቱ ሰዎች ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። አንደኛው አፍ የለውም፣ ይጽፋል ብቻ። ሁለተኛዋ ሁሉን ትጠይቃለች። መቶ ስልሳው ተቀመጠ። ዘሀራ በሯ አጠገብ ነች።

እኔ ሰርቨር ክፍል ሆኜ ቁጥሩን ብቻ አያለሁ። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አምስት። "ኤጭ" እጠብቃለሁ። አይመጣም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮሪደሩ ጭጭ አለ። ዘሀራ ሁለት ጊዜ ስትወጣ ስትገባ ኮቴዋን ሰማሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ፈተናዋ ካቆመችበት ጠብቋታል።

በመጨረሻ ጠያቂዋ ሴትዮ ሰርቨር ክፍል ገባች። አቶ ጌታሁን በስልክ ነግረዋት ኖሮ፣ ባለፈው ሳምንት አልቻለም የተባለው ይህ ነው ወይ አለች። ቀጠለችና፣ የንብረት ቁጥሩስ ለምን ከፊት አይታይም አለች። ጋሽ ይመር ይህን ጥያቄ የጠበቁት ለዓመታት ነው ማለት እችላለሁ። ቃለ ጉባኤውን ከኮታቸው ኪስ መዘዙት። ሴትዮዋ አነበበች፣ ፈገግ አለች።

አቶ ጌታሁን ሳጥኑ እንዴት እንደ ዳነ ማስረዳት ሲጀምሩ አላስቻለኝም። የተሳሳተው ሳጥኑ እንዳልሆነ፣ አምና በተሳሳተ ጎን የሰካሁት እኔ እንደሆንኩ፣ አቅሙ አንሷል ብዬ የጻፍኩትም ስህተት እንደነበር ተናገርኩ። ጋሽ ይመር ወዲያው ጣልቃ ገቡ። አይደለም፣ የሸፈንኩት እኔ ነኝ አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። እኔ ነኝ አሉ። ዝም የሚለው ሰውዬ መጻፉን አቁሞ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል። "ማንኛችሁን ልጻፍ?" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ጌታሁን፣ ሠርቷል ብለህ ጻፍ አሉት።

እንደዚያው ጻፈ። እዚሁ ይፈተናሉ!

አቶ ጌታሁን የግዢ ደብዳቤውን ከመሳቢያቸው አውጥተው መለሱልኝ። ስለ ስቲከሩ ከነገርኳቸው ቀን ጀምሮ ሳይልኩት አቆይተውታል። ምንም አልተቆጡኝም። ጀርባው ባዶ ስለሆነ ለመጻፊያ ይሆንሻል አሉ። ይህን የምጽፈው እሱ ላይ ነው፤ በኋላ ደብተሬ ውስጥ አጣብቀዋለሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ትናንት አልጻፍኩም፤ ስተኛ ነው የዋልኩት ማለት ይቻላል።

ዛሬ ጠዋት የዘሀራ ክፍል ተዘግቶ አገኘሁት። ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ሚኒባሱም የለም። ጤና ጣቢያው ከእኛ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ማክሰኞ ሳይሳካ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለደሴ ጉዞ ስም የሚመዘገብበት ቀን ነበር።

ቢሮ ገባሁ፣ ምንም አልሠራሁም። ጋሽ ይመር በር ላይ ብቅ ብለው ወሬ አለ ወይ አሉ። የለም አልኩ። ተመልሰው መጡ። አሁንም የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። ለንብረት ክፍል አዲስ መመሪያ አርቅቀው ይዘዋል፤ አንቀጽ አንድ፣ ማንኛውም ስቲከር ከመለጠፉ በፊት ዕቃውን የሚጠቀመው ሰው ይጠየቃል። አንቀጽ ሁለት የለውም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ። የዘሀራ መልእክት ነው።

"ሴት ናት። ሁለታችንም ደህና ነን። ወንበሬን ለሰው እንዳትሰጪብኝ።"

ለጋሽ ይመር ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሕፃኗ ላይ ቁጥር እንዳይለጥፉባት አልኳቸው፤ አንቀጽ አንድን በጣታቸው አሳዩኝ።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የሁለት ሳምንት አራስ ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች? ሕፃኗን ማን ይይዛል፣ ለማጥባትስ ያስወጧታል? አላውቅም። የዘሀራ እናት ኮሪደሩ ላይ ይዣት እቀመጣለሁ እንደምትል ግን እገምታለሁ። የተማሪዎቹ ልምምድ ቀጥሏል፣ ሳጥኑም አሥራ አራት ላይ ነው፤ አሁን ገብቼ አይቼዋለሁ።

የዘሀራን ስም በወረቀት ጽፌ በር አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ለጠፍኩ። ከመደገፊያው ጀርባ በኩል ነው፤ ምንም ቀዳዳ አለመሸፈኔን ሁለት ጊዜ አየሁ።